ድርቅ ከሰማይ ይታያል፣ ረሃብስ?

ይህን ፎቶግራፍ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በመማሪያ መጻሕፍት ሽፋን፣ በግድግዳ የቀን መቁጠሪያ፣ በባንክና በአየር መንገድ ማስታወቂያ ላይ፣ ከካይሮና ከቤይሩት በሚመጡ የዐረብኛ መጻሕፍት ልባስ ላይ ሳይቀር አይተነዋል። ድቅድቅ ጥቁር በሆነ ባዶ ሕዋ መካከል የተንጠለጠለች ሰማያዊ ክብ፤ ነጭ ደመና እንደ ጥምጥም የተጠመጠመባት ምድር። ፈረንጆቹ “ሰማያዊዋ ብይ” የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ልጆች በየሰፈሩ አፈር ላይ የሚጫወቱባትን ያችኑ ብይ ማለታቸው ነው።

ፎቶግራፉ የተነሣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1972፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም፣ ሐሙስ ዕለት ነው። አፖሎ 17 ወደ ጨረቃ ለመጓዝ ከፍሎሪዳ ከተነሣች አምስት ሰዓት ያህል ሆኗታል፤ ከምድር 29 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃለች። ፀሐይ ከጀርባዋ ስለነበረች የምድር ፊት እንደ ዐሥራ አምስት ቀን ጨረቃ ሙሉ ሆኖ በርቷል። በውስጧ የነበሩት ሦስት ሰዎች ዩጂን ሰርናን፣ ሮናልድ ኢቫንስና ሐሪሰን ሽሚት ናቸው። ከሦስቱ የካሜራውን ቁልፍ የተጫነው የትኛው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልለየም። እያንዳንዳቸው “እኔ ነኝ” ብለዋል፤ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳም ፎቶግራፉን በሦስቱም ስም አስመዝግቦ ክርክሩን ገላግሏል።

በዚያች ቅጽበት በአገራችን ከቀኑ 7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ነበር። ዙህር ገብቷል፤ ዐስር ገና አልደረሰም። ሰዓቱን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ካሜራው ከዚያ ከፍታ ወደ ታች ሲመለከት ያየው የእኛን የምድር ገጽታ ነበርና። ከሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ጀምሮ መላው አፍሪካ፣ ማዳጋስካር፣ የአፍሪካ ቀንድ ሹል ጫፍ፣ ቀይ ባሕርና ከወዲያ ማዶ ያለው የዐረብ ልሳነ ምድር በፎቶግራፉ ላይ አሉ። በታሪክ በብዛት ከታተሙት ፎቶግራፎች አንዱ በሆነው በዚህ ምስል ላይ አውሮፓም አሜሪካም የሉበትም። የእኛ ቀበሌ ግን አለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። ፎቶግራፉ ሲነሣ ከላይ የነበረው ደቡብ ነው፤ የደቡብ ዋልታ በረዶ አናት ላይ፣ ዐረቢያ ግርጌ። ለሕዝብ ሲሰራጭ ግን ተመልካች ግራ እንዳይጋባ ተብሎ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለሮጀር 2ኛ የዓለም ካርታ የሠራው ሙስሊሙ የጂኦግራፊ ሊቅ አል-ኢድሪሲ ደቡብን ከላይ፣ ሰሜንን ከታች ማድረጉ ይታወቃል። የእርሱን ካርታ የሚያይ ሁሉ ወረቀቱን ማዞር ይቀናዋል። እንግዲህ ሦስቱ አሜሪካውያን ሳያውቁት ምድርን አል-ኢድሪሲ በሳላት አኳኋን ነው ያነሷት። ላይና ታች የሰው ልማድ እንጂ የምድር ጠባይ አይደለም።

የምድር ክብነትም ቢሆን በዚያ ቀን የተገኘ ዜና አልነበረም። ይህን የምለው አንዳንድ ወንድሞቻችን እነዚህን ፎቶግራፎች የእምነት ማረጋገጫ አድርገው ሲያቀርቡ፣ ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው “የካሜራ ተንኮል ነው” እያሉ ሲያጣጥሏቸው ስለምሰማ ነው። ሁለቱም ወገኖች ዘግይተዋል። በአንዳሉስ የነበረው ኢብን ሐዝም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለምድር ክብነት ተሟግቶ ጽፏል። በዚያው ዘመን የነበረው አል-ቢሩኒ ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው አገር ናንዳና በተባለ ምሽግ አጠገብ ካለ ተራራ ላይ ወጥቶ አድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በመሣሪያ ለካ። ከዚያ ልኬትና ከተራራው ከፍታ ተነሥቶም የምድርን መጠን ዛሬ ከምናውቀው እጅግ በቀረበ ቁጥር አሰላ። ከአንድ ተራራ ጫፍ ሆኖ መላዋን ምድር ማየት ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ካሜራው ለእኛ ያመጣው አዲስ ነገር የቅርጽ ዕውቀት ሊሆን አይችልም። ታዲያ ምንድን ነው?

እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ገና ሳይነሣ ጀምሮ ብዙ ነገር ይጠበቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ስቱዋርት ብራንድ የተባለ አንድ የካሊፎርኒያ ወጣት የመላዋን ምድር ፎቶግራፍ እስከ አሁን ያላየነው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ የተጻፈበት፣ ደረት ላይ የሚሰካ ባጅ አሠርቶ በሃያ አምስት የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። ለምክር ቤት አባላትና ለናሳ ሰዎችም ላከላቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰዎች የሚኖሩባትን ምድር አንዴ ሙሉ ሆና ካዩዋት አስተሳሰባቸው ይለወጣል የሚል ነው። በዓመቱ አንድ ሳተላይት ሙሉዋን ምድር በቀለም አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1968 በፈረንጆች የገና ዋዜማ ደግሞ በአፖሎ 8 ጨረቃን ይዞሩ ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ዊሊያም አንደርስ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ስትወጣ በድንገት አያት። ሥራቸው የጨረቃን ገጽ ማንሣት ነበር፤ ምድርን ማንሣት በዚያች ሰዓት መርሐ ግብራቸው ላይ አልነበረም። ባለቀለም ፊልም በጥድፊያ አጉርሶ አነሣት። ጨረቃን ሊመረምሩ ሄደው ያገኙት ምድርን እንደሆነ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ አሜሪካውያን የመጀመሪያውን የምድር ቀን አከበሩ፤ የአካባቢ ጥበቃ ንቅናቄው ሁሉ ይህን ዓይነቱን ምስል ባንዲራው አደረገው።

ከእኛም ወገን ያዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1985 በዲስከቨሪ መንኮራኩር የተጓዘው የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን ወደ ሕዋ የወጣ የመጀመሪያው ሙስሊምና ዐረብ ነው። ሲመለስ የተናገረው ቃል በዓለም ዙሪያ ታውቋል፤ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳቸው በጣታቸው ወደየአገራቸው ይጠቁሙ እንደነበር፣ ሦስትና አራት ቀን ሲሞላ ወደየአህጉራቸው፣ በአምስተኛው ቀን ግን የሚታያቸው አንዲት ምድር ብቻ እንደነበረች ነው የገለጸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ማሌዥያዊው ሐኪም ሸይኽ ሙስዘፋር ሹኮር በረመዷን ወር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ የአገሩ ዑለማ ተሰብስበው የሰላት መመሪያ አዘጋጁለት። የቂብላው ጉዳይ ደረጃ በደረጃ ተቀመጠ፤ ከቻለ ወደ ከዕባ፣ ካልቻለ ከዕባ ወዳለበት አቅጣጫ በላይዋ ባለው ሰማይ፣ እርሱም ካልሆነ ወደ ምድር፣ ይህም ካልተቻለ ወደየትም። ከዚያ ርቀት ሲታይ የምድር ገጽ በሙሉ አንድ አቅጣጫ ይሆናል ማለት ነው። ይህን መመሪያ ባነበብኩ ቁጥር የፊቅህ ሰዎች ነገሩን ከጠፈርተኞቹ የበለጠ ገብቷቸዋል እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ የወጣው ትምህርት እንግዲህ አንድ ነው። ከላይ ሲታይ ድንበር የለም፤ ነጭና ጥቁር፣ ሀብታምና ድሃ አይለይም፤ ሁላችንም በአንዲት ትንሽ መርከብ ላይ ነን፤ ስለዚህ እንዋደድ። ይህን የማይል ተናጋሪ፣ ይህን ያልጻፈ ጋዜጠኛ የለም።

አባባሉ ደስ ይላል። ውሸትም አይደለም። ይሁንና አንድ የሚቆረቁር ነገር አለበት። ከላይ ሲታይ ድንበር አለመታየቱን ለአንድነታችን ማስረጃ አድርገን ከወሰድን፣ ከላይ የማይታይ ነገር ሁሉ የለም ማለት ልንገደድ ነው። ለመሆኑ ያ ካሜራ ኅዳር 28 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ከ39 ላይ ያላየው ነገር ምን ነበር?

በምስሉ ቀኝ ጫፍ ወደ ላይ ክብ ሠርቶ የተጠማዘዘ ነጭ ደመና አለ። ለዓይን ያምራል። ያ ደመና ከሁለት ቀን በፊት በሕንድ የታሚል ናዱ ግዛት ላይ ጎርፍና ከባድ ነፋስ ያወረደ ማዕበል ነው። ወደ እኛ ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ያ ዓመት የወሎ ዓመት ነው።

የ1964 ክረምት ዝናብ በምሥራቃዊ ወሎ ከሽፎ ነበር። ኅዳር በደጉ ዘመን ዐውድማ የሚሞላበት፣ በሬ ከአዝመራው ገለባ የሚጠግብበት ወር ነው። በዚያ ዓመት ግን በራያና ቆቦ፣ በየጁ፣ በአምባሰል፣ በቃሉ ገበሬው ወደ ዐውድማው የሚያስገባው አላገኘም። ቀጥሎ የበልጉ ዝናብም ቀረ። ሰው መጀመሪያ በጉንና ፍየሉን፣ ከዚያ በሬውን ሸጠ፤ በሬ የሸጠ ገበሬ ደግሞ ዝናብ ቢመጣለትም አያርስም። ከዚያ ወደ ዋናው የመኪና መንገድ ወጥቶ ዳር ዳሩን ተቀመጠ። በቆላ አፋሮች ከብታቸው አለቀባቸው። በዚያ ጊዜ የሞተው ሰው ቁጥር ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን አንድ ትልቅ ከተማ ነው። ቆጣሪ አልነበረም ማለት ነው። የንጉሡ መንግሥትም ነገሩ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ማድረጉን መርጦ ብዙ ወራት አለፉ።

ለዚያ ካሜራ ይህ ሁሉ አልታየውም። የአፍሪካ ቀንድ ቡናማና ውብ ሆኖ ነው የወጣው። ሠላሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሰው ማየት አይቻልምና ካሜራውን መውቀስ ተገቢ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ካሜራውን አልወቅስም። የምለው ግን ከዚህ ያለፈ ነው። ካሜራው የሚቻለውን ያህል ቢቀርብ፣ የያንዳንዱን ማሳ ድርቀት ለይቶ ቢያሳይ እንኳ ረሃቡን አያሳይም ነበር።

ይህን ከሁሉ አብልጦ ያስረዳው በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው አማርትያ ሴን ነው። በልጅነቱ የቤንጋልን ረሃብ ያየው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው “ድህነትና ረሃቦች” በተሰኘ መጽሐፉ የወሎን ጉዳይ ለብቻው አጥንቶታል። የደረሰበት ድምዳሜ ያስደነግጣል። በዚያ የረሃብ ዓመት በአገሪቱ የነበረው ምግብ ከሌላው ጊዜ እምብዛም አላነሰም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንኳ ብዙ አልናረም። ጭራሽ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበረ። ምክንያቱም የወሎ ገበሬ እህሉ ሲጠፋ ገንዘቡም አብሮ ጠፋ፤ ለነጋዴ ደግሞ ገንዘብ የሌለው ሰው ገበያተኛ አይደለም። እህል ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። የቆላው ነገር ከዚህም ይብሳል። የአዋሽ ወንዝ በየዓመቱ ሞልቶ የሚያለመልመውን የበጋ ግጦሽ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ይዘውታል። አርብቶ አደሩ በድርቅ ጊዜ የሚሸሽበት ቦታ ተወስዶበት ነበር። ከሰማይ ቢታይ ያ እርሻ ለምለም ነው። አረንጓዴ ነው። የአፋር ላሞች የሞቱት ከዚያ አረንጓዴ አጠገብ ነው።

ድርቅ ከሰማይ ይታያል። ረሃብ ግን በሰው ኪስና በሰው ኪስ መካከል፣ በባለ መሬትና በጭሰኛ መካከል፣ በሹምና በባላገር መካከል ያለ ነገር ነው። እነዚህ መካከሎች ጥላ የላቸውም። ከላይ ድንበር አይታይም የሚለው ሰው ይህም እንደማይታይ አብሮ ቢናገር ባልከፋ።

አሁን ወደ ዋናው የሥነ ምግባር ጥያቄ እንምጣ። ርቀት ግዴታን ይቀንሳል ወይ? ነገሩ ይገጥማልና ይህ ጥያቄ በፍልስፍና መጽሔት ላይ በአዲስ መልክ የተነሣው በዚያው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ፒተር ሲንገር የተባለ አውስትራሊያዊ ፈላስፋ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ቤንጋል ይባል ከነበረው አገር፣ ከዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ የተሰደዱትን ሚሊዮኖች አስቦ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ እንዲህ ነው። በመንገድህ ስታልፍ ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ሕፃን ሲሰምጥ ብታይ፣ ልብስህ እንዳይጨቀይ ብለህ ብታልፈው ማንም ይኮንንሃል። ታዲያ በሌላ አህጉር የሚሞተው ሕፃን ከኩሬው ሕፃን በምን ያንሳል? ሕፃኑ ሩቅ መሆኑ የሕይወቱን ዋጋ አይቀንሰውም፤ ስለዚህ ያንተንም ግዴታ አይቀንሰውም ይላል ሲንገር።

ለክርክሩ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም። ጎረቤቱ ተርቦ ጠግቦ ስለሚያድር ሰው የተነገረውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ጎረቤት ማለት ግን እስከ የት ድረስ ነው? የመላዋ ምድር ፎቶግራፍ ወዳጆች መልሳቸው ዝግጁ ነው። እነሆ ምድር አንድ ግቢ ሆናለች፤ ሁሉም ጎረቤት ነው ይላሉ። የእኛ የፊቅህ ሊቃውንት ግን በዘካ ጉዳይ ላይ ሌላ ሥርዓት ይዘው ነው የኖሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩት ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ ለድሆቻቸው እንዲመለስ ማዘዛቸውን መሠረት አድርገው፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ዘካ በተሰበሰበበት አገር ላለ ችግረኛ ይቀድማል፣ ከዚያ ሲተርፍ ወይም ሌላ ቦታ የባሰ ችግር ሲኖር ይወጣል ብለዋል። ሲንገር ይህን ቢሰማ ጠባብነት ይለው ይሆናል።

ለእኔ ግን ጠባብነት አይመስለኝም። የሩቁ ሰው ሕይወት ከቅርቡ እኩል መሆኑን ማንም ዓሊም አልካደም። ሊቃውንቱ የተጠነቀቁለት ሌላ ነገር ነው፤ ግዴታ አድራሻ ከሌለው ማንም ላይ አያርፍም። “የሰው ልጅ ሁሉ ወንድሜ ነው” ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ ሰው የትኛውን በር እንዲያንኳኳ እንደታዘዘ አያውቅም። የቀበሌው ድሃ ግን ስም አለው፣ በር አለው፣ ነገ ጠዋትም መስጊድ በር ላይ ይገናኙታል። ሲንገር የሕፃኑን ዋጋ በትክክል ተናግሯል፤ ፉቀሃው ደግሞ ማን ኩሬው አጠገብ እንደቆመ ጠየቁ። በወሎ ጉዳይ ኩሬው አጠገብ የቆሙት አውራጃ ገዥዎች፣ እህል ነጋዴዎች፣ በአዲስ አበባ ጠግበው የሚያድሩ ነበሩ። መጠየቅም የነበረባቸው በመጀመሪያ እነርሱ ናቸው።

ታዲያ ከሰማይ ያልታየው ከምድር በሚነሣ ካሜራ ታየ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። ታይቷል። በ1965 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ተማሪው ያንን አይቶ ተቆጣ። በጥቅምት ወር 1973 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ሰማ። ነገር ግን የቅርቡ ካሜራም የራሱ ጣጣ አለው። ያው ፊልም በ1967 ዓ.ም በአዲስ ዓመት ዕለት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ደርግ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ ቆርጦ ቀጥሎት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የራያው ሟች ለመንግሥት ግልበጣ ምስክር ሆኖ ተጠራ፤ ምስክርነቱ እውነት ነበር፤ የጠራው ወገን ግን ለሟቹ ብሎ አልጠራውም። ይህን ለማወቅ ዐሥር ዓመት መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። በ1977 ዓ.ም መስከረም ላይ ያው ደርግ ዐሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር በኮረምና በመቀሌ ሰው እየረገፈ ነበር፤ ያም እንዳይሰማ ተፈልጎ ነበር።

ያን ጊዜ ዝምታውን ከሰበሩት አንዱ የእኛው ወንድም ነው። መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ የተወለደ የካሜራ ሰው ነበር፤ የመካን ሐጅም አንሥቶ በመጽሐፍ አሳትሟል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገብቶ ያነሣው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፤ እርዳታውም ጎረፈ። በ1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ ሥራውን ቀጠለ። በኅዳር 1989 ዓ.ም በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት። የእርሱ ካሜራ ከአንድ ክንድ ርቀት ነበር የሚያየው። ያም ሆኖ በዚያ ፊልም ላይ ያሉትን የአብዛኞቹን ስም ዓለም አላወቀም። በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ሕፃን የማን ልጅ ነበር? የየትኛው ጎጥ? አላወቅንም። ያለቀሰው ዓለም ያለቀሰው ለ“ኢትዮጵያዊ ረሃብተኛ” ነው። ከቅርብ ያነሣ ካሜራም ሰውን ያለ ስሙ ካሳየ፣ እንደዚያኛው ከሩቅ እንዳነሣው ሁሉ የሚያቀርበው ጥቅል ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ታሪክ ላስታውስ። ንጉሥ ነጃሺ አስሐማ በአገሩ በሐበሻ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ነበሩ። በሞተበት ዕለት ለባልደረቦቻቸው ነግረው፣ አሰልፈው፣ አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱበት። በሌለበት ለሞተ ሰው መስገድን በተመለከተ መዝሀቦች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል፤ እኔ እዚህ የማነሣው ሕጉን አይደለም። የሚያስደንቀኝ ርቀቱ ነው። በመካከላቸው በረሃና ባሕር አለ፤ በአካል ተያይተው አያውቁም። ግን ጃዕፈርና ጓደኞቹ በእርሱ ጥላ ሥር ኖረው ተመልሰዋል፤ ምን እንዳላቸው፣ እንዴት እንዳስጠጋቸው፣ ሲሰማ እንዴት እንዳለቀሰ በአንደበታቸው ተርከዋል። ሩቁን ሰው ያቀረበው አብሮት የኖረ ሰው ምስክርነት ነው። ሰላቱም የተሰገደው ለ“ሐበሾች” ወይም ለ“ሰው ልጅ” ሳይሆን ለአስሐማ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የሰማዩ ዓይን ከንቱ ነው ወደማለት አልሄድም። እንዲያውም ከተጠቀሙበት ትልቅ ሲሳይ ነው። የመጀመሪያዋ የምድር ሀብት ማጥኛ ሳተላይት ላንድሳት የተተኮሰችው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም ነው። ቀኑ የንጉሡ 80ኛ የልደት በዓል የተከበረበት ዕለት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ክረምቱም ያው ዝናብ የከሸፈበት ክረምት ነው። እነዚህ ሳተላይቶች የሚያዩት ሰው ዓይን የማያየውን ጭምር ነው። ጤነኛ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ይውጣል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ለእኛ የማይታየውን ጨረር ደግሞ መልሶ ይረጫል። ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ይህን በመለካት ሰብሉ ከመድረቁ አስቀድሞ፣ ገበሬው በሬውን ለመሸጥ ገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የ1977ቱ እልቂት ካለፈ በኋላ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቋቋሙት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በዚህ ዓይነት መረጃ ላይ የቆመ ነው። ሥርዓቱ ግን የሳተላይቱን ምስል ብቻውን አይወስድም። በየወረዳው ገበያ የበግና የማሽላ ዋጋ ስንት እንደዋለ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል። አንድ በግ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ የሚያሰላ፣ አማርትያ ሴን ያስተማረውን የሚጠይቅ ሰው ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም በኤልኒኞ ሳቢያ ዝናቡ ሲጠፋ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። ከብት አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብ ድሃ ሆነ። የ1965 እና የ1977 ዓይነት ጅምላ ሞት ግን አልተደገመም። ወሬው ቀድሞ ተሰምቷል፤ መንገድ ነበረ፤ የሴፍቲኔት መዝገብም ነበረ። በመዝገቡ ላይ የቤተሰብ ስም በስም ተጽፎ ነበር።

ያ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደበት ወቅት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ተንታኞቹ ሥራ አቆሙ፤ የየወሩ ሪፖርትም ቀረ። ሳተላይቶቹ ግን መዞራቸውን አላቆሙም። በዚያ ሁሉ ወራት በራያና በአውሳ፣ በቦረናና በኦጋዴን ሰማይ ላይ እያለፉ ምስል ይልኩ ነበር።